እብጠቱ ጠፋ፤ በሽታውስ? የሊምፎማ ሕክምና መሥራቱ ገና በመሃሉ እንዴት ይታወቃል

ባሕር ዳር ውስጥ ለካንሰር ሕክምና የሚመላለስ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ጥያቄ ሳይሰማ አይቀርም። «አንገቱ ላይ የነበረው እብጠት እኮ ጠፍቷል፤ ታዲያ ደግሞ ሌላ ምርመራ ለምን?» ተገቢ ጥያቄ ነው። ገንዘብ የሚያስወጣ፣ አንዳንዴም ከከተማ ወጥቶ መሄድን የሚጠይቅ ምርመራ ሲታዘዝ ሰው ምክንያቱን ማወቅ አለበት። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ብቻ ነው። ሊምፎማ ያለበት ሰው ኬሞ ከጀመረ በኋላ፣ ሕክምናው ሳያልቅ፣ መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱ በምስል እንዴት ይታያል? የታየውስ ምን ይፈይዳል?

መጀመሪያ ስለ በሽታው ትንሽ። ሊምፎማ ሊምፎሳይት ከሚባሉት የነጭ ደም ሕዋሳት የሚነሳ ካንሰር ነው። እነዚህ ሕዋሳት ከበሽታ የሚከላከሉን ናቸው፤ በአንገት፣ በብብት፣ በብሽሽት፣ በደረትና በሆድ ውስጥ ባሉ የሊምፍ ዕጢዎች ይሰባሰባሉ። አንዱ ሕዋስ ከሥርዓት ወጥቶ መራባት ሲጀምር ዕጢው ያብጣል። ዓይነቱ ብዙ ቢሆንም በሁለት ትልልቅ ወገን ይከፈላል። አንዱ ሆጅኪን ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1832 በሽታውን በጽሑፍ በገለጸው እንግሊዛዊ ሐኪም በቶማስ ሆጅኪን የተሰየመ ነው። ሌላው ሆጅኪን ያልሆነ ሊምፎማ ይባላል፤ በውስጡ በጣም ብዙ ዓይነት አለ።

ሊምፎማ ለኬሞ በደንብ ከሚበገሩ ካንሰሮች አንዱ ነው። በተለይ ሆጅኪን ብዙ ሰው ጨርሶ የሚድንበት በሽታ ነው። የመሃል ምርመራው ትልቅ ነገር የሆነውም ለዚህ ነው። የሚድን በሽታ ላይ ሁለት ስህተት ሊሠራ ይችላል። አንደኛው መድኃኒት አሳንሶ በሽታውን ማስመለስ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ያለ አስፈላጊነቱ ጠንካራ መድኃኒት እየጨመሩ ገና ብዙ ዕድሜ የሚቀረውን ወጣት ሳንባና ልብ መጉዳት ነው። ሐኪሙ በእነዚህ መሃል መንገዱን የሚያገኘው መድኃኒቱ በዚህ ሰው ላይ ምን እየሠራ እንደሆነ ሲያይ ነው።

እንግዲህ እንዴት ይታያል? ሁላችንም የምናውቀው መንገድ መጠንን መለካት ነው። ራጅ፣ አልትራሳውንድና ሲቲ ስካን በዋናነት የሚያሳዩት ቅርጽና መጠን ነው። እብጠቱ የት እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሚተልቅ፣ ምን እንደተጫነ ያሳያሉ። የሲቲ አለካክ ደንብ አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነው የሉጋኖ መመዘኛ እንደሚለው፣ ራዲዮሎጂስቱ እስከ 6 የሚደርሱ ጎላ ያሉ እብጠቶችን ይመርጣል፤ የእያንዳንዱን ሁለት አቅጣጫ ያባዛል፤ ከዚያ ይደምራል። ለምሳሌ ከሕክምናው በፊት 6 በ4 ሴንቲ ሜትር የነበረ አንድ እብጠት 24 ይሆናል። ከሁለት ዙር ኬሞ በኋላ 3 በ3 ከሆነ 9 ነው። ከግማሽ በላይ ቀንሷል ማለት ነው። ድምሩ በ50 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከቀነሰ «ከፊል ምላሽ» ይባላል። በሲቲ ሙሉ ምላሽ ለመባል ደግሞ የዕጢዎቹ ረጅሙ ጎን ከ1.5 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም።

ችግሩ እዚህ ላይ ይመጣል። ሊምፎማ፣ በተለይ ደረት ውስጥ የሚያድገው ሆጅኪን፣ ካንሰሩ ሞቶ እንኳ ጠባሳ ትቶ ሊሄድ ይችላል። ሲቲው ላይ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ነገር ይታያል። ሕያው ካንሰር ይሁን ባዶ ጠባሳ ሲቲው አይለይም፤ ሁለቱም ግራጫ ናቸው። የተገላቢጦሹም አለ፤ እብጠቱ በደንብ አንሶ በውስጡ ግን ያልሞተ ካንሰር ሊቀር ይችላል። ምድጃ ላይ የተከመረ አመድ አይታችሁ እሳቱ አለ የለም ማለት ትችላላችሁ? የክምሩ ትልቅነት ምንም አይነግራችሁም። እጃችሁን አስጠግታችሁ ሙቀቱን ነው የምታዩት፤ የተዳፈነ ፍም ካለ ያኔ ይታወቃል።

ሙቀቱን የሚያይ ዓይነት ምርመራ ፔት ሲቲ ይባላል። አሠራሩ እንዲህ ነው። የካንሰር ሕዋስ ስኳር በብዛት ይወስዳል። ስለዚህ ግሉኮስ የሚመስል ነገር ይዘጋጅና ፍሎሪን-18 የተባለ ጨረር የሚያወጣ ንጥረ ነገር ይያያዝበታል፤ ከዚያ በደም ሥር ይሰጣል። ሕዋሱ ስኳር መስሎት ያስገባዋል፤ ግን እስከ መጨረሻው ሊፈጨው ስለማይችል እዚያው ውስጡ ይቀራል። ታካሚው አንድ ሰዓት ገደማ በጸጥታ ያርፋል። ከዚያ ማሽኑ ጨረሩ ከየት ከየት እንደሚወጣ ያነባል፤ ያንን ከሲቲው ምስል ጋር አደራርቦ ያሳያል። ስኳር የሚበላው ቦታ ደምቆ ይወጣል። አንጎል፣ ኩላሊትና ፊኛ ሁልጊዜ ስለሚደምቁ እነሱን አይታችሁ አትደንግጡ።

ፍሎሪን-18 ኃይሉ በ110 ደቂቃ ገደማ ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። ከዚያም ሌላ 110 ደቂቃ ሲያልፍ እንደገና በግማሽ። ለታካሚው ጥሩ ነው፤ ቶሎ ይወጣለታል። ለሕክምና ተቋም ግን ፈተና ነው። እንደ ክኒን አምጥተህ መደርደሪያ ላይ አታስቀምጠውም። ሳይክሎትሮን በሚባል ትልቅ ማሽን ይሠራል፤ ከዚያ በሰዓታት ውስጥ ታካሚው ዘንድ መድረስ አለበት። ፔት ሲቲ በየከተማው እንደ አልትራሳውንድ የማይገኝበት ዋናው ምክንያት ይሄ ነው።

ምስሉ ከወጣ በኋላ ደግሞ አንባቢው እንደየስሜቱ «ደማቅ ነው፣ ደብዛዛ ነው» እንዳይል የጋራ መለኪያ አስፈለገ። እ.ኤ.አ. በ2009 ባለሙያዎች ዶቪል በተባለች የፈረንሳይ የባሕር ዳርቻ ከተማ ተሰብስበው በአምስት ደረጃ ተስማሙ። ብልሃቱ የእብጠቱን ድምቀት ከታካሚው ከራሱ አካል ጋር ማነጻጸሩ ነው። 1 ምንም ድምቀት የለም ማለት ነው። 2 ድምቀት አለ፤ ግን ደረት መሃል ባሉት ትልልቅ የደም ሥሮች ካለው አይበልጥም። 3 ከዚያ ይበልጣል፤ ከጉበት ግን አይበልጥም። 4 ከጉበት በመጠኑ ይበልጣል። 5 ከጉበት በጣም ይበልጣል፤ ወይም ድሮ ያልነበረ አዲስ ቦታ ደምቋል። ከ1 እስከ 3 አብዛኛውን ጊዜ «ጥሩ ምላሽ» ተብሎ ይነበባል። 4 እና 5 ቆም ብሎ ማሰብን ይጠይቃሉ። ወረቀታችሁ ላይ «ዶቪል 2» የሚል ካያችሁ እንግዲህ ቁጥሩ ይሄ ነው። የካንሰር ደረጃ ሁለት ማለት አይደለም! ይህን ሁለቱን አደባልቀው ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኙ የሚያድሩ ቤተሰቦች አሉ፤ እባካችሁ ለሌላውም ንገሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በሆጅኪን ሊምፎማ ይህ ምርመራ ከሁለት ዙር ኬሞ በኋላ ሲሠራ ምን ይነግረናል? እ.ኤ.አ. በ2007 አንድሪያ ጋላሚኒና ባልደረቦቻቸው ያወጡት የ260 ታካሚዎች ጥናት ብዙ ሰው አስገርሟል። ከሁለት ዙር በኋላ ፔቱ ንጹሕ ከሆነላቸው ታካሚዎች 95 በመቶው ከሁለት ዓመት በኋላ በሽታው አልገፋባቸውም ነበር። ፔቱ ደማቅ ሆኖ ከቀረባቸው መካከል ግን እንዲህ የሆነላቸው 12.8 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሕክምናው ገና ሲሶው ላይ እያለ የታየ አንድ ምስል ይህን ያህል መናገር መቻሉ ቀላል ነገር አይደለም።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ «አወቅን፤ ታዲያ ምን እናድርግ?» የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ የታተመው ራትል የተባለ ትልቅ ጥናት ለዚህ መልስ ሰጠ። በሽታው የተስፋፋባቸው የሆጅኪን ታካሚዎች ኤቢቪዲ የተባለውን ኬሞ ሁለት ዙር ወሰዱ። ኤቢቪዲ አራት መድኃኒት ነው። ከአራቱ አንዱ ብሊዮማይሲን ሳንባን የመጉዳት ጠባይ አለው። ከ100 ታካሚ ወደ 84 የሚጠጉት ከሁለት ዙር በኋላ ፔታቸው ንጹሕ ወጣ። እነዚህን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሹ አራቱንም መድኃኒት ቀጠለ፤ ግማሹ ብሊዮማይሲን ቀርቶለት ሦስቱን ቀጠለ። ከሦስት ዓመት በኋላ በሽታው ያልተመለሰባቸው በመጀመሪያው ወገን 85.7 በመቶ፣ በሁለተኛው 84.4 በመቶ ሆኑ። ተቀራራቢ ነው፤ የሳንባው ጉዳት ግን መድኃኒቱ በቀረላቸው ላይ ቀነሰ። ምስሉ አንድን መድኃኒት አስቀረ ማለት ነው። ፔታቸው ደማቅ የቀረው ደግሞ ወደ ጠንካራ ኬሞ ተዛወሩ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ፔታቸው ንጹሕ የሆነው ሰዎች ኬሞ አላቋረጡም። አንድ መድኃኒት ቀነሱ እንጂ እስከ ስድስተኛው ዙር ሄደዋል። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ላውራ፤ በእኛ አካባቢ ብዙ ሕይወት የሚያልፈው እዚህ ጋ ነውና። ከዘጌ የመጣ አንድ ወጣት አለ እንበል። ቡና ለቀማ ደርሷል፤ ለጀልባ፣ ለምግብ፣ ለማደሪያ ያወጣው ብር አሳስቦታል። ሁለት ዙር ወስዶ የአንገቱ እብጠት ሟሟ፤ የሌሊቱ ላብ ቆመ፤ ምግብ መብላት ጀመረ። ዘመድ «እግዜር ይመስገን ድነሃል፤ ከዚህ በኋላ ጠበሉን ያዝ፤ መድኃኒቱ ራሱ ይገድልሃል» ይለዋል። በፍቅር ነው የሚሉት። ግን ከሁለት ዙር በኋላ መሻል ማለት መድኃኒቱ እየሠራ ነው፣ ቀጥል ማለት ነው። ማሽን የማያየው ጥቂት የቀረ ሕዋስ እንደገና ሲነሳ ብዙ ጊዜ ከፊቱ የባሰ እልኸኛ ይሆናል፤ ለመድኃኒትም አይበገርም። ጠበሉን የሚፈልግ ይጠመቅ፤ ቀጠሮውን ግን አይዝለል። ሁለቱ አይጣሉም።

ደግሞ የሆጅኪኑ ደንብ ለሁሉም ሊምፎማ አይሠራም። በትልልቅ ቢ-ሕዋስ ሊምፎማ፣ ሆጅኪን ካልሆኑት ወገን በሆነውና አር-ቾፕ የተባለው ኬሞ በየ21 ቀኑ በሚሰጥበት፣ የመሃል ፔት ደማቅ ሆኖ የቀረባቸውን ሰዎች መድኃኒት መቀየር ይረዳ እንደሆነ ፔታል የተባለ ጥናት ሞክሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ውጤት ጠንካራው ኬሞ ጉዳቱን ጨመረ እንጂ ጥቅሙን አላሳየም። ዝግ ብለው የሚያድጉ አንዳንድ ሊምፎማዎች ደግሞ ስኳሩን ብዙም ስለማይወስዱ ለእነሱ ሲቲ ይሻላል። ስለዚህ «የጎረቤቴ ልጅ መድኃኒት ተቀየረለት፤ የእኔ ለምን አልተቀየረም» ከማለት በፊት ሁለቱ የያዛቸው አንድ ዓይነት መሆኑን መጠየቅ ነው።

ፔት የታዘዘላችሁ ካላችሁ ዝግጅቱን በደንብ ስሙኝ፤ የተበላሸ ዝግጅት የተበላሸ ምስል ያመጣል። ምርመራው ሊጀመር ከ4 እስከ 6 ሰዓታት ሲቀሩት ጀምሮ ምግብ አይበላም። እኛ ስንጾም ውሃም አንቀምስም፤ እዚህ ግን ንጹሕ ውሃ መጠጣት ይፈቀዳል፤ እንዲያውም ይመከራል። የፍስክ ምግብ መተው ብቻም አይበቃም። ሽሮም ሆነ ምስር ከገባ ስኳሩ ከፍ ይላል። ስኳር ያለው ቡና፣ ሻይ፣ ለስላሳ፣ ከረሜላ የለም። የደም ስኳር ብዙ ጊዜ ከ200 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች እንዲሆን ይፈለጋል። የስኳር ሕመምተኛ ከሆናችሁ ቀጠሮ ስትይዙ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ኢንሱሊን ወደ ምርመራው ተጠግቶ ከተወሰደ ስኳሩ ሁሉ ወደ ጡንቻ ይሄዳል፤ ሜትፎርሚን ደግሞ አንጀትን ያደምቃል።

ጡንቻም ሲሠራ ስኳር ይበላል። ከምርመራው በፊት ባለው ቀን ከባድ ሥራ፣ ሩጫ፣ ታንኳ መቅዘፍ ይቅር። ማስቲካም ሆነ ጫት ማኘክ የመንጋጋን ጡንቻ ያደምቃል። ብርድም ችግር ነው። በተለይ ወጣቶች ሲበርዳቸው አንገትና ትከሻ አካባቢ ያለው ቡናማ ስብ ሙቀት ለመፍጠር ስኳር መብላት ይጀምራል፤ ሊምፎማ የሚወጣበት ቦታ ላይ ደምቆ ይታያል። የባሕር ዳርን ሙቀት የለመደ ሰው ብርድ ወዳለበት ከተማ ለምርመራ ሲሄድ ጋቢውን ይያዝ፤ እዚያም መርፌው እስኪሰጥ ከዚያም በኋላ ተሸፍኖ ይቀመጥ። ከምርመራው በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ከነፍሰ ጡርና ከሕፃናት ራቅ ማለት ያስፈልጋል። የምታጠቡ እናቶች ደግሞ ከመርፌው በፊት ተናገሩ።

ቀኑም የራሱ ነገር አለው። ኬሞ በተሰጠ ማግስት ሰውነት ስለሚቆጣ ምስሉ ያሳስታል። የመሃሉ ፔት ብዙ ጊዜ የሚሠራው ቀጣዩ ዙር ሊሰጥ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። የነጭ ደም ሕዋስ ማሳደጊያ መርፌ ከተወሰደ መቅኒው በሙሉ ሊደምቅ ይችላል። መርፌው መቼ እንደተሰጠ ጽፋችሁ ያዙ።

አሁን ለእኛ አገር ልዩ ክብደት ያለው ነገር። ፔት ካንሰርን ብቻ አይደለም የሚያደምቀው። ኢንፌክሽንም ይደምቃል፤ ቲቢም ይደምቃል። የአንገትና የደረት ዕጢ ቲቢ ብዙ ባለበት አገር ይህን መርሳት አይቻልም። ሊምፎማው ሁሉ ጠፍቶ አንድ አዲስ ቦታ ብቻ ደምቆ ቢመጣ፣ «መድኃኒቱ አልሠራም» ተብሎ ኬሞ ከመቀየሩ በፊት ከዚያ ቦታ ናሙና ተወስዶ ፓቶሎጂ ቢያየው ይመረጣል። ከፍ ያለ የኬሞ መርዝ ለቲቢ ምንም አይሠራም፤ መከላከያን ይበልጥ ያዳክማል እንጂ። ደማቅ ነጥብ ጥያቄ ነው፤ መልሱን የሚሰጠው ናሙናው ነው።

ፔት የማይገኝ ከሆነስ? ተስፋ የሚያስቆርጥ ነገር የለም። ሊምፎማ ፔት ሳይኖር ለአሥርተ ዓመታት ሲታከምና ሲድን ኖሯል። ሲቲ አለ፤ ሲቲ ካልተቻለ ለደረት ራጅ፣ ለአንገትና ለሆድ አልትራሳውንድ ይረዳሉ። በተለይ ሕፃናት ላይ ሆድ ውስጥ የሚወጣው በርኪት ሊምፎማ በአልትራሳውንድ ጥሩ ክትትል ይደረግለታል። ከምስሉ ጎን የታካሚው ነገር ይደመራል፦ ትኩሳቱ፣ የሌሊት ላቡ፣ ክብደቱ፣ ኤልዲኤች የሚባለው የደም ምርመራ። ልዩነቱ፣ ፔት ሳይኖር «ምስሉ ንጹሕ ነው» ተብሎ መድኃኒት አይቀነስም። ሐኪሙ የተለመደውን ሙሉ ሕክምና ይዞ ይሄዳል፤ ሳንባውን በጥንቃቄ እየተከታተለ።

በዚህ መንገድ ሲኬድ ሁሉ ነገር የሚመሠረተው ኬሞ ከመጀመሩ በፊት በተነሳው ምስል ላይ ነው። እሱ ከሌለ 3 ሴንቲ ሜትር እብጠት ከ8 ወርዶ ይሁን ከ3 ንቅንቅ ሳይል ቀርቶ ማን ያውቃል? የመጀመሪያው ዙር ከገባ በኋላ ያንን ምስል መመለስ አይቻልም። እንዲሁም ፕሬድኒሶሎን የተባለው የስቴሮይድ ክኒን ለሌላ ነገር ተብሎ ቀድሞ ከተወሰደ እብጠቱን አሟሙቶ ናሙናውንም ምስሉንም ሊያጠፋ ይችላል። አንገት ላይ እብጠት ያለበት ሰው ናሙና ሳይሰጥ ከፋርማሲ እንዲህ ያለ ክኒን አይግዛ።

ፊልሞቹን አትጣሉ። ፈለገ ሕይወትም ታከሙ ጥበበ ጊዮን፣ ጎንደርም ሂዱ አዲስ አበባ፣ ያ ትልቁ ፖስታ አብሯችሁ ይሂድ። ሪፖርቱ ብቻ አይበቃም፤ አዲሱን የሚያነበው ራዲዮሎጂስት የድሮውን ምስል በዓይኑ ማየት ይፈልጋል። ሲዲ ከተሰጣችሁ ኮፒ አስደርጉ። ፖስታው ላይ በእስክሪብቶ ቀኑንና «ከኬሞ በፊት»፣ «ከሁለተኛ ዙር በኋላ» እያላችሁ ጻፉ። የክረምት ዝናብ እንዳያገኘው በላስቲክ ጠቅልሉት፤ የተጣበቀ ፊልም ሲላቀቅ ምስሉ አብሮ ይነሳል። ሲቲው ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት በመርፌ ተሰጥቶ የሚሠራ ከሆነ የኩላሊት ምርመራ ውጤታችሁንም ያዙ፤ ከዚህ ቀደም መርፌው አሳክኮአችሁ ወይም ትንፋሽ አሳጥሯችሁ ከነበረ ደግሞ ሳትጠየቁ ተናገሩ።

ኬሞው ሲያልቅ ሌላ ምስል ይነሳል። ፔት ከሆነ ከመጨረሻው ኬሞ በኋላ ቢያንስ 3 ሳምንት፣ ቢቻል ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይጠበቃል። የጨረር ሕክምና ከነበረ ሦስት ወር ገደማ ነው። እሱ ንጹሕ ከሆነ ደግሞ በየጥቂት ወሩ ፔት እየተነሱ መቆየት አይመከርም፤ በሽታ ሳይኖር የሚደምቅ ነጥብ ይበዛና ለማይገባ ናሙናና ለጭንቀት ይዳርጋል። ክትትሉ ሐኪሙ አንገትና ብብት ዳስሶ፣ ጠይቆ፣ ደም አይቶ ነው የሚሄደው። አዲስ እብጠት ከወጣ፣ የሌሊት ላብ ከተመለሰ፣ ያለ ምክንያት ክብደት ከቀነሰ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ሳምንት ሂዱ፤ ፖስታውንም ይዛችሁ።